ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ነው?

የቦሌንና የዋሽንግተኑን የደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ኬክሮስና ኬንትሮስ ለኮምፒውተር ብትሰጡት፣ በሁለቱ መካከል ያለው አጭሩ መንገድ ወደ 11,550 ኪሎ ሜትር መሆኑን ይነግራችኋል። ስሌቱ አሥር መስመር ኮድ አይሞላም። ምድርን እንደ ኳስ ቆጥሮ፣ ከአንዱ ነጥብ ወደ ሌላው በኳሱ ገጽ ላይ የሚወጠረውን ክር ይለካል። ሶፍትዌር እየሠራ ለሚያድር እንደ እኔ ዓይነት ሰው እንዲህ ያለ ስሌት ደስ ይላል፤ ምክንያቱም አያወላውልም። መነሻና መድረሻውን ብታገላብጡትም መልሱ ያው ነው። ከቦሌ ደለስ 11,550፣ ከደለስ ቦሌም 11,550።

ሰዓቱ ግን እንዲህ አይገለበጥም። ከዋሽንግተን የተነሣ አውሮፕላን የትም ሳያርፍ በ13 ሰዓት ገደማ አዲስ አበባ ይገባል። ከአዲስ አበባ የተነሣው ግን መንገድ ላይ አንድ ቦታ ወርዶ፣ ነዳጅ ሞልቶ፣ እንደገና ተነሥቶ ዋሽንግተን ሲደርስ 16 ወይም 17 ሰዓት ይሆነዋል። ማረፊያው በየጊዜው ተለዋውጧል፤ ሮም ነበር፣ ደብሊን ሆነ፣ ሎሜ ሆነ። አሜሪካ ዘመድ ያለው ሁሉ ይህን ያውቃል፦ ሲሄዱ ይረዝማል፣ ሲመጡ ያጥራል።

ለምን? ብዬ ስጠይቅ አብዛኛው ሰው “ነፋስ ነዋ!” ይለኛል። ልክ ነው፣ ነፋስ አለበት። አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ጄት ስትሪም የሚባለው ኃይለኛ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል፤ ወደ አገር ቤት የሚመጣውን ከኋላ ይገፋዋል፣ የሚሄደውን ፊት ለፊት ይገጥመዋል። ነፋሱ ግን መዘግየቱን ያስረዳ እንደሆን እንጂ መቆሙን ብቻውን አያስረዳም። መቆሙን የሚያስረዳው ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ስከተል ሳላስበው ከምህንድስና ወጥቼ ታሪክ ውስጥ ገባሁ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። በእኛ ሲሆን በእኛ ብዬ እነግራችኋለሁ።)

ጣይቱ የመረጡት ከፍታ

የደለስ ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 95 ሜትር ላይ ነው። ቦሌ 2,334 ሜትር ላይ ነው። ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ልዩነት ነው።

ቦሌ ላይ ያለው አየር ባሕር ዳርቻ ካለው አየር ጋር ሲነጻጸር እፍጋቱ ሰማንያ በመቶ ገደማ ነው። ክንፍ አውሮፕላኑን የሚያነሣው አየርን ተደግፎ ነው። አየሩ ሲሳሳ ያንኑ ክብደት ለማንሣት የበለጠ መፍጠን ያስፈልጋል፤ ሲሰላ ከአሥር በመቶ በላይ ተጨማሪ ፍጥነት ይሆናል። ሞተሩም የሚተነፍሰው ያንኑ ስስ አየር ነው፤ ስለዚህ የበለጠ ጉልበት በሚያስፈልገው ሰዓት ላይ ጉልበቱ ይቀንሳል። የቦሌ ረጅሙ ማኮብኮቢያ 3,800 ሜትር ነው፣ የደለስ ረጅሙ 3,500 ገደማ። የእኛው ይረዝማል፤ ቢሆንም አይበቃም።

ታዲያ አብራሪው ምን ያደርጋል? ክብደት ይቀንሳል። ከሚቀነሰው ውስጥ ቀላሉ ነዳጅ ነው። ትልልቆቹ ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላኖች በሰዓት ስድስት፣ ሰባት ቶን ነዳጅ ይጨርሳሉ። ፊት ለፊት ነፋስ እየገጠማቸው 15 ሰዓት ሳያርፉ ለመብረር መቶ ቶን ገደማ ነዳጅ መያዝ አለባቸው ማለት ነው። ያን ሁሉ ነዳጅ ከሙሉ መንገደኛና ከነሻንጣው ይዞ ከቦሌ መነሣት ከባድ ነው። ረጅሞቹ በረራዎች በምሽት ሲነሡ የሌሊቱ ቅዝቃዜ ትንሽ ያግዛቸዋል፤ ቀዝቃዛ አየር ይታፈጋልና። ግን የከፍታውን ዕዳ አይከፍልም። ስለዚህ ግማሽ ነዳጅ ይዞ ይነሣል፣ ዝቅ ያለ ቦታ ወርዶ ይሞላል።

አዲስ አበባን እዚህ ከፍታ ላይ ያስቀመጣት የጄት ሐሳብ አይደለም። በ1886 አካባቢ እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው ፍልውሃ አጠገብ ቤት ሲያሠሩ፣ ያሰቡት ሙቅ ውሃውንና የአየሩን ምቾት ነው። እንደውም እናመስግናቸው፤ እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ብንቀር ኖሮ አውሮፕላኑ ሮም ድረስ የሚበቃ ነዳጅ መያዙም ያጠራጥር ነበር።

ርቀቱ በወር ሲቆጠር

የሁለቱ ከተሞች መንግሥታት መጀመሪያ የተገናኙት በበቅሎ ነው። በ1903 ሮበርት ስኪነር የተባለ፣ ማርሴይ ላይ የነበረ የአሜሪካ ቆንስል፣ ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል እንዲዋዋል ተላከ። ጅቡቲ በመርከብ ደረሰ። የባቡሩ ሐዲድ ያን ጊዜ የሚያደርሰው ድሬዳዋ ድረስ ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ በቅሎና ግመል ነው። በኅዳር አጋማሽ ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ የገባው ዲሴምበር 18 ነው፤ ከባሕሩ ዳርቻ ከተማዋ ድረስ ብቻ አንድ ወር። ውሉ የተፈረመው ዲሴምበር 27 ነው፤ በእኛ ታኅሣሥ 17 ቀን 1896።

ወረቀቱ ራሱ ደግሞ የራሱን መንገድ ሄደ። ውሉ ዋሽንግተን ላይ ጸድቆ ለምኒልክ እንዲመለስ ኬንት ሉሚስ ለተባለ ሰው ተሰጠ። ሉሚስ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ረዳት ሚኒስትር ወንድም ነበር። በሰኔ 1904 ‘ካይዘር ቪልሄልም ዳግማዊ’ በተባለው መርከብ አትላንቲክን ሲያቋርጥ ከመርከቡ ላይ ጠፋ። ሬሳው ከሳምንታት በኋላ በእንግሊዝ ደቡባዊ ዳርቻ ተገኘ። ውሉን ይዞ መንገዱን የጨረሰው አብሮት ይጓዝ የነበረው ዊሊያም ኤሊስ የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ ነጋዴ ነው። ያን ጊዜ ከዋሽንግተን አዲስ አበባ አንድ ወረቀት ለማድረስ ወራት ይፈጅ ነበር፤ አንድ ሰውም ቀርቶበታል።

ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1919 የበጋ ወራት፣ ደጃዝማች ናደው፣ ከንቲባ ገብሩ ደስታና በኋላ ብላቴን ጌታ የተባሉት ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ያሉበት የኢትዮጵያ መልእክተኞች ቡድን ዋሽንግተን ገብቶ ፕሬዚዳንት ዊልሰንን አገኘ። ወደ ባሕሩ የወረዱት በባቡር ዘመን ነው። ስኪነር በቅሎ ላይ ያሳለፋቸው ሳምንታት ወደ ቀናት ወርደው ነበር። ባሕሩ ግን ያው ባሕር ነው፤ መርከቡም ያው መርከብ።

ከዲሲ-3 እስከ ጄት

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1945 መጨረሻ የተመሠረተው ቲ.ደብሊው.ኤ. ከተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ጋር በተደረገ ስምምነት ነው። የመጀመሪያው በረራ ሚያዝያ 8 ቀን 1946 በአሥመራ በኩል ካይሮ ገባ። አውሮፕላኖቹ ከጦርነቱ የተረፉ ባለ ሁለት ፕሮፔለር የዲሲ-3 ዓይነቶች ነበሩ፤ መቀመጫው በግራና በቀኝ ግድግዳውን ተደግፎ የተዘረጋ አግዳሚ ነው። በዚያው ዓመት ቲ.ደብሊው.ኤ. ራሱ ከአሜሪካ ካይሮ ድረስ መብረር ጀምሮ ነበር። እንግዲህ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን በሰማይ የሚያደርስ መንገድ ተገኘ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ መውረድና መነሣት ቢኖርበትም ከወር ወደ ቀን ወረደ።

ልማድ ግን ከቴክኖሎጂ ዘግይቶ ነው የሚመጣ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በግንቦት 1954 አሜሪካን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጎበኙ ኒው ዮርክ የገቡት በመርከብ ነው።

የጄቱ ዘመን ሲመጣ የልደታ አውሮፕላን ማረፊያ አልበቃ አለ፤ ጄት ረጅም ማኮብኮቢያ ይፈልጋል። ቦሌ የተሠራው ለዚህ ነው። በ1962 መጨረሻ ቦይንግ 720ቢ የተባሉት የመጀመሪያዎቹ ጄቶች መጡ፣ በ1963 ጥር በረራ ጀመሩ። ያን ዓመት ልብ በሉልኝ። ጥቅምት 1 ቀን 1963 ንጉሡ ዋሽንግተን ላይ በፕሬዚዳንት ኬኔዲ ተቀባይነት ጉብኝት አደረጉ። ኅዳር 22፣ አርብ ዕለት፣ ኬኔዲ ዳላስ ላይ ተገደሉ፤ አዲስ አበባ ላይ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ነበር። ሰኞ ዕለት በቀብሩ ሰልፍ ላይ ከዱጎል ጎን በእግራቸው ሲሄዱ በፎቶው ላይ የምናያቸው ኃይለ ሥላሴ ናቸው። ከግድያው እስከ ቀብሩ ሦስት ቀን አይሞላም። ከዘጠኝ ዓመት በፊት በመጡበት መርከብ ቢሆን ኖሮ የሚደርሱት ለዐርባውም ያጠራጥር ነበር።

ይህን ሳነብ የገባኝ ነገር አለ። የጉዞ ሰዓት ሲያጥር የሚለወጠው ምቾት ብቻ አይደለም፤ ቀብር መድረስ የሚችለውና የማይችለው ሰው ይለወጣል። ለእኛ አገር ሰው ከዚህ የሚበልጥ የርቀት መለኪያ የለም።

13 ሰዓት ከ17 ደቂቃ

ሰኔ 1 ቀን 1984፣ በእኛ ግንቦት 24 ቀን 1976፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አዲስ የገዛው ቦይንግ 767 ከዋሽንግተን ተነሥቶ የትም ሳያርፍ አዲስ አበባ ገባ። ወደ 12,100 ኪሎ ሜትር በ13 ሰዓት ከ17 ደቂቃ። በዚያን ጊዜ ባለ ሁለት ሞተር የመንገደኛ አውሮፕላን እንዲህ ርቆ በርሮ አያውቅም፤ የዓለም ክብረ ወሰን ሆነ።

ቁጥሮቹን እንደ ልማዴ አካፈልኳቸው። በአማካይ በሰዓት 910 ኪሎ ሜትር ገደማ ይወጣል። ይህ አውሮፕላን ነፋስ በሌለበት ሰማይ የሚሄደው በ850 አካባቢ ነው። ልዩነቱን የሰጠው ከኋላ የገፋው ነፋስ ነው። መነሻው ደግሞ ባሕር ጠለል አጠገብ ያለ ማረፊያ ነው፤ እንደ ልብ ነዳጅ ተሞልቶ የሚነሡበት። ክብረ ወሰኑ ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ የሆነው በአጋጣሚ አይመስለኝም። በተቃራኒው አቅጣጫ ቢሞከር ከፍታውም ነፋሱም አይፈቅዱም ነበር።

ጊዜው የደርግ ዘመን ነው። ሶሻሊስት ነኝ የሚል መንግሥት አየር መንገዱ ግን ቦይንግ ይገዛ ነበር። በዚያው ዓመት ሰሜኑን ድርቅ እየመታው ነው። ዋሽንግተን ውስጥ ደግሞ ከአብዮቱና ከቀይ ሽብር የሸሹ ኢትዮጵያውያን እየበዙ ነበር፤ ዛሬ ከአፍሪካ ውጭ ትልቁ የሚባለው የሐበሻ ከተማ የተጀመረው በእነሱ ነው።

የአባቴ ታላቅ ወንድም ከእነሱ አንዱ ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። በእኛ በ1971 ከጎንደር ተነሥተው በእግር በመተማ ወጡ። ገዳሪፍ ከረሙ፣ ካርቱም ሰነበቱ፤ ዋሽንግተን የደረሱት በ1975 ነው። አራት ዓመት። ያ አውሮፕላን ከደለስ የተነሣ ጊዜ ጋሼ መሃል ከተማ ፓርኪንግ ይሠሩ ነበር። ስለ ክብረ ወሰኑ ስነግራቸው ሳቁ። “በ13 ሰዓት መግባት እንደሚቻል ማን ነገረን?” አሉ። ቆየት ብለው ደግሞ፣ “ቢነግሩንስ ምን እናደርግለት ነበር?” አሉ።

እናታቸው በ1981 አረፉ። ጋሼ ለቀብር አልመጡም። መምጣት የቻሉት መንግሥት ከተለወጠ በኋላ፣ በእኛ በጥር 1984 ነው። ክብረ ወሰኑም በ1984፣ መመለሳቸውም በ1984። ዓመቱን ያለ አቆጣጠሩ መዝግቦ የሚያስቀምጥ ፕሮግራም ሁለቱን አንድ ዓመት ያደርጋቸዋል። በመካከላቸው ግን ሰባት ዓመት ከመንፈቅ አለ፤ የአንዲት እናት ሞትም አለ። በአውሮፕላን 13 ሰዓት የሆነ መንገድ ለአንድ ሰው ከ13 ዓመት በኋላ ነው የተከፈተው። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጬ አንዱን ብቻ “የጉዞ ሰዓት” ማለት ይከብደኛል።

አየር መንገዱ ዋሽንግተን መደበኛ በረራ የጀመረው በ1998 ነው። ከክብረ ወሰኑ በኋላ 14 ዓመት ማለት ነው። አውሮፕላኑ በ1984ም ይችል ነበር። የጎደለው አውሮፕላኑ አልነበረም፤ በነፃነት የሚመላለስ መንገደኛ ነበር።

ክሩ የሚያልፍበት አገር

አሁን ወደ ኮዴ ልመለስ። ያ 11,550 ኪሎ ሜትር የሆነው ክር በየት በኩል እንደሚያልፍ ነጥብ በነጥብ አሰላሁት። ጎጃምን አቋርጦ ከመተማ በስተደቡብ ሱዳን ይገባል። በካርቱም አጠገብ ያልፋል። ከዚያ በሊቢያ በረሃ፣ የኩፍራን አካባቢ ይዞ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይወጣል። የቱኒዚያን ጫፍ ይነካል፣ አልጄሪያን ያቋርጣል፣ ሜዲትራንያንን ተሻግሮ ስፔንና ፖርቱጋል ላይ ያርፋል። ከዚያ በኋላ ሁሉም ውቅያኖስ ነው፤ ኒው ዮርክን አካልሎ እስከሚወጣ ድረስ።

ካርታው ላይ አስቀምጬ ዝም ብዬ አየሁት። መተማ፣ ካርቱም፣ ኩፍራ፣ ባሕሩ። ይህን መንገድ የሚያውቀው አብራሪ ብቻ አይደለም። የጋሼ ትውልድ የመጀመሪያውን ግማሽ በእግር ሄዶበታል። ከእነሱ በኋላ የመጡት እኩዮቼ ደግሞ በደላላ መኪና ሰሃራን አቋርጠው በጀልባ ወደ አውሮፓ ተሻግረውበታል፤ ያልተሻገሩም አሉ። ሒሳቡ ስለ ስደት ምንም አያውቅም። የሚያውቀው ስለ ኳስ ብቻ ነው። ቢሆንም አጭሩ መንገድ በዚያው በኩል ሆነ።

አውሮፕላኖቹ ራሳቸው ዛሬ ይህን ክር እንደ ልብ አይከተሉትም። ከ2011 ወዲህ ብዙ አየር መንገዶች የሊቢያን ሰማይ ይሸሻሉ። በሚያዝያ 2023 ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሣ የሱዳን የአየር ክልል ተዘጋ፤ ከአዲስ አበባ ወደ አውሮፓ የሚወጡ በረራዎች ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ግድ ሆነባቸው። ምድር ላይ ያለ ጦርነት አሥር ኪሎ ሜትር ወደ ላይ ወጥቶ የመንገደኛውን ሰዓት ያረዝማል። ያ የተጨመረው ሰዓት ግን ከታች ለሚሸሸው ሰው ምንም ማለት አይደለም። እኛ ከላይ ነዳጅ እንከፍላለን።

ዝቅ ያለ ቦታ ፍለጋ

ቢሾፍቱ አካባቢ አዲስ ትልቅ አውሮፕላን ማረፊያ ሊሠራ ነው። ቦታው ከቦሌ 400 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል፤ ለምርጫው ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱም ይኸው ነው። 400 ሜትር ሲባል ትንሽ ይመስላል። ለአውሮፕላን ግን አየሩ በጥቂት በመቶ ታፈገ ማለት ነው፤ ያች ጥቂት በመቶ ደግሞ ወደ ብዙ ቶን ትመነዘራለች። ምናልባት አንድ ቀን ከዚያ ተነሥቶ፣ ሙሉ መንገደኛ ይዞ፣ የትም ሳይቆም ዋሽንግተን የሚገባ በረራ እናያለን። ኮድ የሚጽፈው ጎኔ ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል።

ሌላው ጎኔ ደግሞ ይጠይቃል። ያ ዝቅ ያለ ቦታ ባዶ አይደለም፤ የሚያርሱበት ሰዎች አሉ፣ ለማኮብኮቢያው ሲባል ከመሬታቸው ይነሣሉ። ለመንገደኛው ሦስት ሰዓት ሲያጥርለት ለእነሱ ከቤታቸው ያለው ርቀት ምን ያህል እንደሚሆን በካሣው ላይ ተጽፎ አይገኝም። በበረራው በኩልም ቢሆን የመንገዱ መጀመሪያ ማኮብኮቢያው አይደለም። መንገዱ የሚጀምረው ከቪዛ ወረፋ ነው፤ እሱን የሚያፋጥን ሞተር ገና አልተሠራም።

ለዚህ ነው ሰዎች ስንት ሰዓት ነው ብለው ሲጠይቁኝ “ማን ነው የሚሄደው?” የምለው። ስኪነር ቢሆን ወራት። ንጉሥ ቢሆን በ1954 የመርከብ ጉዞ፣ በ1963 ከሦስት ቀን ያነሰ። አዲስ አውሮፕላን ቢሆን 13 ሰዓት ከ17 ደቂቃ። ከጎንደር የሸሸ ወጣት ቢሆን አራት ዓመት፤ ለመመለስ ደግሞ ዘጠኝ። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ያልተለወጠው 11,550 ብቻ ነው፤ ብቻውን ደግሞ ምንም አይነግረንም።

ጋሼ አሁን ሰባዎቹን ይዘዋል። ለጥምቀት በየዓመቱ ይመጣሉ፤ ከአውሮፕላን ማረፊያ የምቀበላቸው እኔ ነኝ። ባለፈው ጊዜ ስሸኛቸው፣ መንገድ ላይ የሚደረገው ማረፍ በዚህ ዕድሜ አይሰለችም ወይ አልኳቸው።

“ምን ይሰለቻል?” አሉኝ። “ስመጣ አንድ ጊዜ እንኳ አያቆሙኝም። ስሄድ ነው የሚያቆሙኝ። እንዲህ ነው መሆን ያለበት።”